ጤና መኮንንነት የማጽናኛ ዕጣ አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚዘጋጁ ልጆች «ሜዲሲን ካልደረሰኝ በቃ ጤና መኮንን እገባለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ አነጋገር በጣም ይከነክነኛል።

ልዩነት የለም አልልም። ጤና መኮንን 4 ዓመት ገደማ ተምሮ ይመረቃል። ሐኪም ኢንተርንሺፕን (በሆስፒታል የሚደረገውን የተግባር ልምምድ) ጨምሮ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ይማራል፤ ስፔሻሊስት ልሁን ካለ ደግሞ ሌላ ዓመታት ይጠብቁታል። የሥልጠናው ዓላማም ለየቅል ነው። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚያክም፣ ወረርሽኝ የሚከላከልና ጤና ጣቢያ የሚመራ ሰው ለማፍራት ነበር። አሜሪካኖች ተቀራራቢ የሆነውን የፊዚሺያን አሲስታንት (የሐኪም ረዳት) ሥልጠና የጀመሩት በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። የእነሱ ተማሪ ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ 2 ዓመት ገደማ ተምሮ ከሐኪም ጋር ይሠራል። የእኛ መኮንን ግን ብዙ ጊዜ ዘወር ብሎ የሚያማክረው ሐኪም እንኳ አጠገቡ የለም።

ደምቢያ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ያየኋት መኮንን ትዝ ትለኛለች። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ሆድ ዳብሳ ጣፊያውን አየች፤ የደም ምርመራ አዘዘች። ከዚያ ወደ እናቲቱ ዞራ «አጎበር አላችሁ? ሰፈራችሁ ውሃ ያቁራል?» አለቻት። እንዲህ ብላ እንድትጠይቅ ያደረጋት ሥልጠናዋ ነው።

ትምህርት ቤቶች ይህን ለልጆቹ ቀድመው ያስረዱልን። ሐኪም መሆን ለሚሻ መኮንንም የተማረውና የሠራበት ዘመን ይታሰብለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዘዞ