የጤና ምርምር ክበብ፦ ከኮከቡ በፊት ያለው ጥያቄ

ክበባችን ዘንድሮ ለመድረክ የሚቀርብ ነገር አላዘጋጀም። በኤግዚቢሽኑ ቀንም ጠረጴዛችን ላይ ወረቀት ብቻ ነበር። ያንን አይተው «ምን ሠራችሁ?» ላሉን ሁሉ መልሱ ይኸው፦ አባሎቻችን ምልከታዊ ጥናት (ተመራማሪው ራሱ ሕክምና ሳይመድብ ሰዎችን የሚያስተውልበት) አንብበው ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን መመዘን ችለዋል።

ሥራው ትንሽ አይደለም። ቤታ ካሮቲን (እንደ ካሮት ባሉ አትክልቶች የሚገኝ ንጥረ ነገር) ያለባቸውን ምግቦች የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ መሆኑን ብዙ ምልከታዊ ጥናቶች አሳይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የፊንላንድ ሙከራ ግን የቤታ ካሮቲን እንክብል በወሰዱ ወንድ አጫሾች ላይ በሽታው ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አትክልት የሚያዘወትር ሰው በሌላ ልማዱም ከሌላው ይለያልና።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ኮሆርትን (ለአንድ ነገር የተጋለጡና ያልተጋለጡ ሰዎችን ተከታትሎ ማን እንደታመመ የሚያይ ጥናት) ከኬዝ ኮንትሮል (ከታመሙና ካልታመሙ ተነስቶ ቀድሞ ለምን ነገር እንደተጋለጡ የሚያይ) በመለየት አለፈ። ቀጥሎ የእነዚህን ጥናቶች ጥራት በኮከብ የሚመዝነውን የኒውካስል-ኦታዋን መለኪያ ያዝን፦ 8 ጥያቄ፣ ቢበዛ 9 ኮከብ። 4ቱ ለተሳታፊዎች አመራረጥ፣ 2ቱ ለቡድኖቹ ተነጻጻሪነት፣ 3ቱ በኮሆርት ለውጤቱ፣ በኬዝ ኮንትሮል ለተጋላጭነቱ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ለየብቻ መዘኑ። የመጀመሪያው ዙር አልተሳካም፤ ለአንዱ ጥናት አንዱ 5፣ ጓደኛው 8 ሰጠ። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ዋናው አደናጋሪ ምክንያት (ከተጋላጭነቱም ከውጤቱም ጋር ተያይዞ ንጽጽሩን የሚያዛባው) የትኛው እንደሆነ፣ በቂ የሚባለው ክትትል ስንት ጊዜ እንደሆነ ከንባቡ በፊት መወሰን ሲገባን ሳንወስን ገባን። በዚህ የተነሳ ጥናቱ በስሌት ያስተካከላቸውን ምክንያቶች ረጅም ዝርዝር ያየ ሁሉ የተነጻጻሪነቱን 2ቱንም ኮከብ ሰጠ። ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፈን ደገምነው። ስትሮብን (የምልከታዊ ጥናት አጻጻፍ መመሪያ) የጥራት መለኪያ አድርገው ያመጡም ነበሩ፤ 22ቱ ነጥቦች ግን ጥናቱ በሚገባ መጻፉን እንጂ በሚገባ መሠራቱን አይናገሩም።

የዓመቱ ትልቅ ቀን የመጣው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነው። ለልምምድ ባዘጋጀነው ምሳሌ ሕሙማን ከሆስፒታል ከወጡበት ቀን ጀምሮ ማን እንደሞተ ለማየት ለአንድ ዓመት ይቆጠራሉ፤ «መድኃኒት ተጠቃሚ» የሚባለው ቢያንስ 3 ወር የወሰደ ነው። ሁላችንም 8 ኮከብ ሰጥተነዋል። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ እጇን አወጣች። «3 ወር ሳይሞላው የሞተውስ በየትኛው ቡድን ይቆጠራል?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረች፤ የተጠቃሚዎቹን የመጀመሪያ 3 ወር በጠመኔ አጥቁራ «እዚህ ውስጥ ማንም ሊሞት አይችልም» አለች። ቀድሞ የሞተ ሁሉ ካልተጠቃሚዎቹ ስለሚደመር፣ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ ዕድሜ ያራዘመ ይመስላል ማለት ነው። መፍትሔውንም አብረን አገኘን፦ የሁለቱንም ቡድን ቆጠራ በ3ኛው ወር፣ በሕይወት ካሉት መጀመር። መለኪያችን ይህን በቀጥታ ስለማይጠይቅ የሕክምና ምልከታዊ ጥናት ውጤት የመዛባት ስጋትን ወደሚመዝነው ወደ ሮቢንስ-አይ ተሻገርን። እሱ 7 ዘርፎች አሉት፤ ክትትሉና ሕክምናው አብረው መጀመራቸውን ይጠይቃል፤ ኮከብም አይደምርም፤ አጠቃላይ ፍርዱ ከከፋው ዘርፍ የተሻለ ሊሆን አይችልም።

ለሌሎች ክበባት ማልያና ቀለም ሲገዛ እኛ ብዙውን ጥናት በአብስትራክት (በአጭር ማጠቃለያው) ብቻ ነው ያየነው፤ ከክትትል የጠፉት ስንት እንደሆኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይጻፍም። ለሚቀጥለው ዓመት በክበብ ሰዓት የሚሠራ ኢንተርኔትና ለእያንዳንዱ ጥናት ሁለት ኮፒ እንጠይቃለን። ሁለት መዛኞች አንድ ወረቀት ላይ ከተደፉ አንዱ ያሰመረበትን ሌላው ያያል፤ ለየብቻ መመዘኑም ይቀራል።