ዘር ያበደረን ጎረቤት ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ምግብ ዋስትና ሲወራ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ዝናብ ይነሳሉ። ጎረቤት ግን አይነሳም።

ያደግኩት መንዝ ነው። በልግ ሲቀር ወይም ውርጭ ገብሱን ሲመታው ለዘር የተቀመጠው እህል ይበላል። እኛ ቤት ይህ በደረሰ ዓመት ዘር ያበደረን የአባቴ የማኅበር ጓደኛ ነበር። ወለድ አልጠየቀም። በቁና ሰፍሮ ሰጠ፣ በቁና ተቀበለ። አንድ በሬ ያለውም ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። በግ የሌለው የሰው በግ በርቢ ይዞ ግልገል ይካፈላል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ደቦ ለመጥራት ጠላና እንጀራ ያስፈልጋል። ወንፈል ለመግባት ደግሞ የሚመለስ ጉልበት። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሁለቱም የላትም። ማሳዋ በአረም ሲዋጥ ዝም ብለን እናልፋለን፤ ይሄ ያመኛል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ለችግረኛ ቤቶች ድጋፍ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም ሴፍቲኔት እንኳ ተጠቃሚ ሲለይ ነዋሪውን ያማክራል። እድሮቻችንስ? ለቀብር እንደምናዋጣው ሁሉ፣ ከየምርቱ ጥቂት ቁና ገብስ ለዘር ብናስቀምጥና መጀመሪያ ለእንዲህ ያሉ ቤቶች ብንሰጥ እላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን