አፊሌን በተመለከተ፣ እርማትም ቅሬታም አለኝ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የየካቲት 12ቱን ጽሑፋችሁን እዚህ ሮም ሆኜ አነበብኩት፣ ደግ አድርጋችኋል። ግን አፊሌን «ግራዚያኒ የተወለደባት የፋሺስቶች መንደር» ብላችሁ ማለፋችሁ ከነከነኝ። ሰውዬው የተወለደው ፊለቲኖ ነው፣ እሷም እዛው ላዚዮ (ሮም ያለችበት ክልል) ተራራ ላይ ያለች ሌላ መንደር ናት፤ አፊሌ የኖረባትና የተቀበረባት ናት።

አይቻታለሁ እኮ። የምንከባከባቸው አሮጊት አፊሌ አቅራቢያ ያለችው የሱቢያኮ ከተማ ሰው ስለሆኑ በጋ በጋ አብሬያቸው እወጣለሁ፣ ባለፈው ልጃቸው በመኪና አፊሌ ወሰደን። ኮረብታ ላይ ጉብ ያለች፣ 1,500 ገደማ ሰው ያላት፣ መንገዷ ደረጃ በደረጃ የሆነ፣ ቼዛኔዜ የሚባል የቀይ ወይን ዘር በስሟ የሚጠራላት መንደር ናት። ቡና ቤቱ በር ላይ ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ከየት ነሽ አለኝ፣ ኢትዮጵያ ስለው የያዘውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ደፋ አደረገና «ያንን ልታዪ ነው የመጣሽው?» አለኝ። ስሙን እንኳ አልጠራውም። ቡናዬንም እሱ ከፈለ። ሁሉም እንደሱ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ያንን ያሠራውን ከንቲባም የመረጡት እነሱው ናቸው።

«ያንን» ያለው ራዲሞንቴ መናፈሻ ውስጥ ለግራዚያኒ የቆመው ሐውልት ነው፣ የድንጋይ ሳጥን በሉት፣ ፊቱ ላይ በትልቁ «ፓትሪያ» እና «ኦኖሬ» ተጽፎበታል፣ ሀገርና ክብር መሆኑ ነው እንግዲህ። እኔን ያንገበገበኝ ደግሞ አሮጌ አለመሆኑ ነው፣ የሙሶሊኒ ዘመን ቅርስ አይደለም፣ የተመረቀው ነሐሴ 2004 ነው!! (ያ ነሐሴ አቡነ ጳውሎስም አቶ መለስም ያረፉበት ስለነበር እኛስ ማን ወደ ጣሊያን ዞር ብሎ አየ።) የተሠራውም ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ የላዚዮ ክልል ገንዘብ ወጥቶበት ነው፣ እኔ ደግሞ የሰው ሽንት እየጠረግኩ ለላዚዮ ግብር የምከፍል ሰው ነኝ። ለዛ ድንጋይ የኔም ሳንቲም አለችበት ማለት ነው።

ማታ ሱቢያኮ ስንመለስ አሮጊቷ የመነኩሴው የቅዱስ ቤኔዴቶ ዋሻ ገዳም ወሰዱኝ፣ አለቱን ሳሙ፣ እኔም ሻማ አበራሁ ግን ልቤ ደብረ ሊባኖስ ነበር። ግንቦት 1929 ላይ ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም 297 መነኮሳት አስረሸንኩ ብሎ የጻፈበት፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ሟቾቹ ከሺህ በላይ ናቸው የሚሉት ቦታ። መነኩሴ የሚከበርበት አገር ላይ መነኩሴ ላስፈጀው ሰው ሐውልት ቆሞለታል፣ በመኪና ቅርብ እኮ ነው።

የፍርዱን ነገርም ሳትነኩት አለፋችሁ። በኢትዮጵያ ለፈጸመው ግራዚያኒ አንድም ቀን ችሎት አልቆመም፣ እ.ኤ.አ. በ1950 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በማበሩ ነው፣ እሱንም ከፍርዱ በኋላ በወራት ውስጥ ተፈታ። ሐውልቱን ያሠራው ከንቲባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ፋሺዝምን በማወደስ ተፈርዶበት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሰበር ሰሚው ፍርዱን ሻረው። ሐውልቱም አለ።

እና ለሚቀጥለው የካቲት 6 ኪሎ የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ፎቶ ብቻ አታውጡ፣ ይሄንንም ጻፉ፣ ኤምባሲያችንንም ምን አደረጋችሁ ብላችሁ ጠይቁልን። ፊለቲኖንም አርሙ።

ከሮም፣ አንባቢያችሁ