ኦክስጅኑን ስትሰጡን ለአስታማሚውም ንገሩት

ውድ አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ስለ መርሳት በሽታ የጻፋችሁት ጥሩ ነበር፣ ግን በሽተኛው ቤት ውስጥ ማሽን ሲያስፈልገውስ የሚለው ቀርቷል። እናቴ የመርሳት በሽታም (ዲሜንሽያ) የሳንባ በሽታም አለባት፣ ዕድሜ ልኳን በእንጨት ጭስ ነው ያበሰለችው፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን እየለየ በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ማሽን) ያስፈልጋታል ተባለና ተበድረን ገዛን። ምክሩን ግን የነገሩት ለሷ ነው፣ «እማማ ቱቦውን እንዳያወልቁ፣ እሺ?» እሷም እሺ አለች፣ ግቢውን ሳንወጣ ረስታዋለች። ለኛ ምንም አልተባልንም።

ቱቦውን ደጋግማ ትነቅለዋለች፣ ቢቆጧት ታለቅሳለች ወይ ኩታበር ቤቴ ውሰዱኝ ትላለች። እጇን እሰሩ የሚል ሰው አይጠፋም፣ በጭራሽ! ታስራ የምትሸበር እናት ትንፋሿ ይበልጥ ነው የሚያጥራት። እኛን የረዳን ቱቦውን በጆሮዋ ላይ አዙረን በሻሿ ስር በጀርባዋ በኩል ማውረድ ነው፣ ካላየችው አትነካውም፣ ጆሮዋን እንዳይልጣት ደግሞ ጥጥ እንጠቀልልበታለን። ከዛ ለእጇ ስራ መስጠት። ሙሰብሃዋን (መቁጠሪያዋን) ወይ በሰፌድ ምስር ስሰጣት ጠጠሩን በጣቷ ጫፍ እያነሳች ጉልበቷ ላይ ትደረድረዋለች፣ ያኔ ቱቦው ትዝም አይላት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። እኛ ወሎዎች ቡና ያለ ዕጣን አይሆንልንም፣ ሊጠይቋትና ዱዓ ሊያደርጉላት የሚመጡትም ከሰል አቀጣጥለን እንድናጨስ ይፈልጋሉ፣ እሷም ጭሱን ትናፍቃለች። ኦክስጅን ራሱ አይነድም ግን እሳትን ያባብሳል፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶም ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ይቆያል። ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ ይባላል፣ በኛ ጠባብ ቤት 3 ሜትር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላል፣ ስኒው ብቻ ይመጣላታል። እንግዳ ይቀየማል፣ ይቀየም። አፍንጫዋ ሲደርቅ ቫዝሊን ቀቢያት የሚሉኝም አሉ፣ ከኦክስጅን ጋር አይሆንም፣ ሀኪም ወይ ፋርማሲ ውሃ ያለው ቅባት ይነግራችኋል።

የማሽኑን ቁጥር ከፍ አድርጊላት የሚለው ምክር ደግሞ ለሳንባ በሽተኛ አደጋ ነው፣ ኦክስጅኑ ሲበዛ የተቃጠለው አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) በደሟ ውስጥ ተጠራቅሞ ያደነዝዛታል፣ ሀኪም ያዘዘው ላይ ይቆይ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ የጤነኛ ሰው ኦክስጅን ራሱ ከቆላው ዝቅ ይላል፣ ኦክስሜትሩን (የደም ኦክስጅን መለኪያውን) ጣት ላይ አድርጋችሁ ስታዩ ስንት ድረስ ደህና እንደሆነ ሀኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድንገት ግራ መጋባቷ ከባሰም መርሳቱ ነው፣ ጃጅታለች ብላችሁ አትለፉት፣ ቱቦው ወልቆ ወይ ኢንፌክሽን ይዟት ሊሆን ይችላል።

መብራትማ ምን ልበል፣ ማሽኑ ያለ መብራት አይሰራም፣ የኦክስጅን ሲሊንደር መጠባበቂያ የሌለው ቤት ምን ያድርግ? ቢያንስ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ይነገረን።

ሆስፒታሎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ የመርሳት በሽተኛ በማሽን ስታስወጡ አስታማሚውን አስቀምጣችሁ አሳዩት፣ ቱቦውን በእጁ አስይዙት፣ የእሳቱን ነገር በአማርኛ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። እናንተም አዘጋጆች አንድ የሳንባ ሀኪም ጋብዛችሁ ይህንኑ ብታስጽፉልን ትልቅ ውለታ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ