እማዬ፣ እንዳትደብቂኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ስኳርሽስ? ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ደክሞብኛል። "ጉንፋን ነው" አልሽኝና ወሬውን እኔ ወዳለሁባት የግሪክ ደሴት፣ ወደ ፍጥሞ ወሰድሽው። እሺ፣ ስለ ፍጥሞ ልንገርሽ።

መንደራችን ሆራ፣ ተራራ ላይ ናት። አናቷ ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አለ። አባ ክሪስቶዱሎስ የሚባሉ መነኩሴ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1088 ደሴቱን ከቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ከአሌክሲዮስ ተቀብለው የመሠረቱት ነው። የባሕር ወንበዴ ስለሚያስቸግር ግንቡን እንደ ምሽግ አድርገው ሠሩት። ቁስጥንጥንያ በ1453 ስትወድቅ የሸሹ ሰዎችም መጥተው ገዳሙን ተጠግተው ኖሩ። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ከወደቡ ወደ እኛ ስትወጪ መንገድ ላይ ነው። ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚሉት የአለት ጎድጓዳ ዙሪያውን ብር ለብሷል። እዚያ በክርስትና ስምሽ ጸልዬልሻለሁ።

የምንከባከባቸው እማማ ልጅ ሳሉ ደሴቱን የያዘው ጣልያን ነበር። በ1912 ገብቶ፣ በኋላ ልጆቹን በግድ በጣልያንኛ አስተማራቸው። ከግሪክ ጋር የተቀላቀሉት በ1948 ነው። "እናንተንም አልተወም" ይሉኛል። ልጃቸው አቴንስ ናት። ሲያማቸው "እንዳትነግሪያት" ይላሉ። እኔ ግን እደውልላታለሁ። ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

አባዬ ሲሞት መርዶዬን የነገራችሁኝ ከአርባው በኋላ ነው። ለመድኃኒት ብዬ የላክሁትን ተቀብላችሁ "አባትሽ መርቆሻል" አላችሁኝ። ያኔ እኮ ተቀብሮ ነበር። በሰው አገር ብቻዬን እንዳልጎዳ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ያደረጋችሁኝ እናንተው ናችሁ። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፣ እማዬ።

የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣራ ላይ ወረወረችው፤ ለካ እዚህም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። አማርኛዋ ደህና ነው፤ "አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?" ትለኛለች።

እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ የለም። መውጫችን መርከብ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ነፋሱ ሲበረታ እሱም ይቆማል። ዘግይታችሁ ከነገራችሁኝ አልደርስልሽም። ክፉውንም ቢሆን ካንቺው አፍ ልስማው።

ወንድሜ የምርመራውን ወረቀት ዛሬውኑ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። መድኃኒቱ ከጠፋም ስሙን ጻፉልኝ፣ ከዚህ እፈልጋለሁ። ጾሙን ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ያቅልሉልሽ።

ልጅሽ