እማዬ፣ የዓይንሽን ነገር እንነጋገር

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? መቼም የደብረ ብርሃን ውርጭ አይታመንም፣ ጋቢውን ደርቢ። ቆሎው ደርሶናል።

ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ሆናለች። ትንሹ ደግሞ ፓስቴሌን ሰርቆ ግድግዳውን ቢጫ በቢጫ አደረገልኝ። አልተቆጣሁትም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ለእንቁጣጣሽ ከአጥሩ ስር የቀጠፍነውን አደይ ሳልኩት፣ አንገቷ የተሰበረችው ጀበና ውስጥ አድርጌ። አዲስ አበባ እስክደርስ ጠውልጎ ነበር፣ እንደ ጠወለገ ሳልኩት። ፓስቴል የቀለም ዱቄት ነው፣ በትንሽ ማጣበቂያ ተለውሶ እንደ ጠመኔ የደረቀ፤ ሻካራ ወረቀት ላይ ስትፈትጊው ብናኙ እዚያው ይቀራል። የአደይ ቢጫ በዘይት ቀለም ይከብድብኛል፣ በዚህ ግን ቀለል ብሎ ይመጣል። ችግሩ ዓመት ቢቆይም በጣት ከነካሽው ይለቃል። ስለዚህ መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥ ይገባል፣ መስታወቱም እንዳይነካው ክፍተት ይተውለታል።

ልልክልሽ ነበር። ግን አንቺ ዘንድሮ የምታይው በእጅሽ ነው። ቡና ስትቀጂ የስኒውን አፍ በጣትሽ ስትፈልጊ አይቻለሁ፣ ያላየሁ መስዬ ዝም አልኩ እንጂ። መስታወት ብትዳብሺ ምን ታገኛለሽ?

ኦዲሎን ረዶን የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓሊ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1840 የተወለደ። ሃምሳ ዓመት እስኪጠጋው ይበልጡን በከሰል፣ ጥቁር በጥቁር ሲስል ኖሮ፣ ያ ሁሉ በማስቀመጫ ያለ የፓስቴል አበባው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔም የጀመርኩት ከምድጃሽ በለቀምኩት ከሰል ነበር። ደብተሬን ምጣድ ስር የማገድሽበት ቀን ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» አልሽና በዚያው እሳት ጋገርሽ፣ እኔም እያለቀስኩ በላሁ። ልጅ ነኝ፣ ርቦኛል። ለሰው ቂም የለኝም እላለሁ፤ አለኝ። ለባና ሠሪዎች ጠጉር እየፈተልሽ ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ፣ ምን ላድርግ?

አሁን ስለ ሞራው። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል እሄዳለሁ ብለሻል፣ ሂጂ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ። ከዚያ ግን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ሞራ በጠብታም በመነጽርም አይለቅም፤ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። ብዙውን ጊዜ የሚያደነዝዙት ዓይኑን ብቻ ነው፣ እንቅልፍ ውስጥ አትገቢም፣ አንቺ የፈራሽው እሱን መስሎኝ ነው። «ከእንግዲህ ምን ላይ ብዬ» ያልሽኝ ነገር ግን አናዶኛል። ምን ላይ ትያለሽ? የእኔን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ በእሱ መኪና ነይ። ካርዱንና የስኳር መድኃኒትሽን እንዳትረሺ። ለሕክምናው ብለሽም በጓን እንዳትሸጪ፣ ብሩ አለ።

ልጅሽ