ዕንቁላል የያዘች ዓሣ እንዳታዢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ አሁንም ያማታል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት ዝናቡ ይውጣ ትላለች። ስትመጪ አንቺ ንገሪያት፣ የእኔን መስማት ከተወች ቆይታለች።

እንኳን ለልደትሽ በሰላም አደረሰሽ። 30 ዓመት! እኔ እንኳ ገና ትናንት ያዘልኩሽ ይመስለኛል።

ትናንት ማታ ወንድምሽ ስልኩን ይዞ መጣና ከሦስቱ ጓደኞችሽ ጋር ባሕር ዳር ስትመጡ የምትበሉባቸውን ቤቶች ያወጣችሁበትን ዝርዝር አነበበልኝ። በሁለት ቀን ሰባት ቤት። አርብ ማታ ሐይቅ ዳር ዓሣ ዱለት፣ ቅዳሜ ቁርስ ሌላ ቤት፣ ምሳ ሌላ ቤት፣ በመሀል ሁለት ጊዜ ማኪያቶ። ማኪያቶ አዲስ አበባ ጠፋ እንዴ? ከጊዮርጊስ እስከ ሺምብጥ ያለውን ዳር እኛ የምናውቀው ጀልባ ስንጎትትበት ነው፤ ዛሬ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ፎቶ የሚነሳው ወጣት ብዛቱ አይጣል ነው። አልጠላሁትም። እየሳቅሁ ስሰማ ቆይቼ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። «የዓሣ ዕንቁላል ጥብስ» ይላል።

ልጄ፣ እሱን ሰርዢው። በዚህ በመስከረም ዕንቁላል የያዘች ዓሣ አትብሉ። ሌላውን ሁሉ እንደ ፍጥርጥራችሁ።

በመኪና እንመጣለን ያልሽውንም እርሺው። መንገዱን ታውቂዋለሽ። በአውሮፕላን ኑ፣ ቲኬቱ ከከበደሽ ለወንድምሽ ንገሪው፣ እኔ እልካለሁ። ሲመሽ ደግሞ ቤት ግቡ። ጓደኞችሽ ሆቴል ቢያድሩ ግድ የለኝም፤ አንቺ ግን አባትሽ ቤት እያለ ሆቴል ብታድሪ ጎረቤት ምን ይላል?

አርብ ማታ ዱለት የምትሉት ነገር እናትሽ ጆሮ እንዳይደርስ። ዓሣ ጾም አይገድፍም ከሚሉት ወገን እንዳልሆነች ታውቂያለሽ። አምባዛም ቅርፊት የለውም ብላ ከደጇ አታሳልፍም፣ ይዘሽ እንዳትመጪ። ቅዳሜ ግን የተጠበሰ ቆሮሶ ብሉ፤ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በአዋዜ። እንጀራው ነጣ ብሎ ካያችሁት የፎገራ ሩዝ ተደባልቆበት ነው፣ ጓደኞችሽ ማኛ ጤፍ ነው ብለው እንዳይከራከሩ። ቆሮሶ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምትፈለፍል ታስታውሻለሽ? የአንዷን አፍ ስከፍት ጫጩቶቹ መዳፌ ላይ ሲፈሱ አይተሽ ሳምንት ሙሉ ዓሣ አልበላም አልሽ። አምስት ዓመትሽ ነበር። ያን ጊዜ የሳቅሁብሽ አሁን ይቆጨኛል።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

በ1978፣ በ79 ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ መጣ። እኔ 22 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የሐይቁ ነባር አስጋሪዎች ወይጦዎቹ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚያሰግሩት፤ ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ሩቅ አይወስድም። ሞተር ያለው ግን ጉማራ ወንዝ አፍ ድረስ ይሄዳል። ጉማራን ታውቂዋለሽ፣ ጎንደር ስንሄድ በድልድይ የምንሻገረው ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ዘር ሐይቅ ውስጥ ይደግ እንጂ ዕንቁላሉን የሚጥለው ወንዝ ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ጠጠርና ጥሩ ውኃ ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ግን አፉ ላይ ይከማቻል። እኛም መረቡን የምንዘረጋው እዚያው በሩ ላይ ነበር።

አንድ የነሐሴ ንጋት መረቡን ስናወጣ ጀልባዋ ወደ ጎን አዘነበለች። ዓሦቹ ሲደራረቡ ዕንቁላሉ ከሆዳቸው ይፈሳል፤ ቢጫ ነው፣ የዳጉሳ ፍሬ ያህላል። ረግጬው አንሸራተተኝና ወደቅሁ። ስነሳ እስከ ክርኔ ተለጥፎብኛል። ጓደኞቼ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ወለሉን በባልዲ አጥበን ወደ ሐይቁ ደፋነው። ለቤት የያዝኩትን አያትሽ ሆዱን ስትከፍት አየችና ቢላዋውን አስቀመጠች። «ላም ብትሆን እርጉዟን ታርዳት ነበር?» አለችኝ። አልሠራችውም። ተናድጄ አንስቼ ለጎረቤት ሰጠሁት፣ በነጋታውም ጉማራ ሄድኩ። ከዚያ በኋላም ስንት ክረምት።

ዓሣ የሚያጠኑ ሰዎች ከ1983 እስከ 1993 ባለው ጊዜ መረብ ላይ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀንሷል ብለው ጽፈዋል። ወንድምሽ ነው ያነበበልኝ፤ እኔ ግን መረቡ እየቀለለኝ ሲመጣ አውቄዋለሁ። ዓይነቱ 15 ያህል ነው፣ አብዛኛውም ከጣና ሌላ የትም የለም። በ1995 የዓሣ አዋጅ ወጣ፤ አዋጅ ግን በሌሊት ጀልባ ላይ አይሳፈርም።

በዚያ ዓሣ ገንዘብ ነው ቤቱን ቆርቆሮ ያለበስኩት። አንቺ የተወለድሽበት ቆርቆሮ፣ በረዶ ሲመታው እየፈራሽ ጉያዬ የምትገቢበት። የትምህርት ቤት ክፍያሽም ከዚያው ነው። ስለዚህ ተጸጸትኩ ለማለት እንኳ አፌን ይይዘኛል። ቆርቆሮውን ነቅዬ ለማን ልመልስ? ብቻ ያን ዕንቁላል ዛሬ አንቺ ከፍለሽ፣ ፎቶ አንስተሽ ስትበዪው ማየት አልፈልግም። እንግዳ ጋባዣችሁ «ይሄ የቤታችን ልዩ ነው» ቢላችሁም አትብሉ። ጓደኞችሽ ቢስቁብሽም ይሳቁ።

የትም ቤት ብትገቡ ዓሣውን ሳይቆረጥ አሳዩን በዪ። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። ሆዱን በጣትሽ ጫን በዪው፤ ሞልቶ ከተወጠረ ተዪው። ጥሬውንም አትንኩ፣ ዓሣ ትል አያጣም። ለብለብም ካላችሁ ደህና አድርጎ እሳት ይንካው።

ዘጌ ቡና ልንጠጣ ነው ያላችሁት ጥሩ ነው፣ ግን በጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በፊት ተመለሱ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው 14 ሜትር ቢሆን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ወዲያው ነው። የሕይወት ጃኬት ከሌለው ጀልባ ውረዱ። አልሰጥምም ብለሽ እንዳትከራከሪኝ፣ መዋኘት እንደማትችይ የማውቀው እኔ ነኝ።

እሑድ ምሳ እናትሽ ዶሮ ትሠራለች። ከዝርዝሩ ሰባተኛውን ቤት አጥፉት፣ ተቆጥታለች። ለእሷ የጉልበት ቅባቱን አትርሺ፣ አረንጓዴውን፣ ባለፈው ያመጣሽው ቀይ አላሻላትም።

ቅዳሜ ጓደኞችሽ ይተኙ፤ አንቺ ግን 12 ሰዓት ላይ ተነሽና ጀልባዎቹ ሲገቡ አብረን እንሂድ። ዓሣውን እኔ እመርጣለሁ፣ ዕንቁላል ያላትን እንዴት እንደምትለዪ በእጅሽ አስነካሻለሁ። አሮጌ ጫማ ያዢ፣ ዳሩ ጭቃ ነው።

አባትሽ
ባሕር ዳር